ከመቃብር የወጣ ሎሌ

በመንዝ ደጋ ከሚነገሩት አስፈሪ ታሪኮች አንዱ እንዲህ ነው፤ ቡዳ የበላው ሰው ሞቶ በተቀበረ ጊዜ፣ በላተኛው በሌሊት መጥቶ ሬሳውን ከመቃብር ያወጣዋል፤ ነፍስ ዘርቶበትም ወደ ቤቱ ይወስደዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሟቹ አንደበቱ ተዘግቶ የታዘዘውን ሁሉ እየፈጸመ ሰባት ዓመት ይገዛለታል። እንግዳ በደጅ በመጣ ጊዜ ጌታው በበትር መታ ያደርገውና ማድጋ ሆኖ ከጓዳ ጥግ ይቀመጣል፤ እንግዳው ሲሸኝ ዳግመኛ ተመትቶ ሰው ይሆናል። ሰባቱ ዓመት ሲፈጸም ሰውነቱ ተኰማትሮ ዐመድ ይሆናል። ስለዚህ ዘመድ አርባ ቀን መቃብሩን ይጠብቅ ነበር።

አሜሪካዊው የባህል ተመራማሪ ሮናልድ ሬሚኒክ ይህን እምነት ከመንዝ ሰዎች ሰምቶ ባሳተመበት በ1966 ዓ.ም.፣ በዚያው በአገሩ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን የምናብ ጨዋታ አወጡ። በዚያም አስማተኛው ሙታንን አስነሥቶ ሎሌ ያደርጋል፤ ተጫዋቹም ወደ ከተማ ሲገባ የት እንደሚሰውራቸው ይጨነቃል። የመንዙ ተራኪ ይህን ጥያቄ በአንዲት ማድጋ ከፈታው ቈይቷል።

ነገር ግን ስም የሌለው፣ የማይናገር፣ ለሥራ ብቻ የሚነሣ ሰው በቤት ውስጥ መኖሩን ተራኪው ከምናቡ ብቻ ያገኘው አይመስለኝም። ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ቤኒ ሻንጉልን ካስገበሩ በኋላ፣ የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ለዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ያገቡት የነበረው ግብር ወርቅና ባሪያ ነበር፤ ሚስታቸው ሲት አምናም ሰው ወደ ሱዳን በማሻገር ንግድ ታውቀው እ.ኤ.አ. በ1928 በዚያ ተያዙ። በዚህ መንገድ የተነዳው የበርታ፣ የጉሙዝ ወይም የማኦ ልጅ እናት ያወጣችለት ስም ተወስዶ ጌታው ያወጣለት ስም ይሰጠው ነበር፤ ለወገኑ ምውት፣ ለገዢው ሕያው ሆኖ የሰው ጓዳ ይገባል። በባሕር ማዶም፣ በሄይቲ፣ ዞምቢ የተባለው ከመቃብር ተነሥቶ የሚያገለግል ሙት የተወለደው ከሸንኮራ እርሻ ባሮች መካከል ነው።

ልቤን የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ሙታንን ያስነሣል ተብሎ የሚከሰሰው፣ ባሪያ የገዛው ባለ ርስት አልነበረም፤ ብረት ቀጥቃጩና ሸማኔው፣ ማድጋውን ራሷ በእጇ ያበጀችው ሸክላ ሠሪም ነበሩ። አንድ ሎሌ ለመግዛት ዐቅም ያልነበራት ድኻ ሴት፣ በጌቶች አዳራሽ በግልጽ ይፈጸም ለነበረው ኃጢአት በቡዳነት ስሟ ጠፋ፤ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ ቢያውጁም ስድቡ አልቀረም።

በ1916 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ አርነትን ቀስ በቀስ ፈቀደ፤ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. የወጣው ግን ባርነትን ፈጽሞ ሻረ። የሼህ ሆጀሌ የእንጨት ቤት ዛሬም አዲስ አበባ፣ በስማቸው ሸጎሌ በተባለው ሰፈር ይታያል። በመንዝ ሙት እንዳይሰረቅ ዘመድ አርባ ሌሊት ከመቃብር አጠገብ ያድር ነበር፤ ከአሶሳ በሕይወቱ ተነድቶ ለሄደው ልጅ ግን እናቱ አጠገቡ የምታድርበት መቃብር እንኳ አልነበራትም።