ካንተርበሪ
ካንተርበሪ በእንግሊዝ ኬንት የምትገኝ የካቴድራል ከተማ ናት፤ በሙዚቃ ግን ጃዝን ከሮክ ያዋሃደ፣ ቀልድ የማይለየው ስልት መጠሪያ ነው። ምንጩ እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተው ዋይልድ ፍላወርስ ባንድ ሲሆን፣ ሶፍት ማሽንና ካራቫን ከእርሱ ወጥተዋል። መለያው ሻካራ ድምፅ ያለው ኦርጋን፣ የሚቀያየር ምትና ወግ የሚመስል አዘፋፈን ነው። ከተወዳጆቹ ዘፈኖች የካራቫን «ጎልፍ ገርል» (1971) በጎልፍ ሜዳ ሻይ ስለምትሸጥ ልጅ ያወራል፤ ይህ ዘፈን ባለበት አልበም የሚገኘው «ናይን ፊት አንደርግራውንድ» ከ22 ደቂቃ በላይ ይረዝማል፤ ያም ሆኖ አይሰለችም። ከሁሉም የሚልቀው ግን ከበሮ መቺው ሮበርት ዋያት የዘፈነው የሶፍት ማሽን «ሙን ኢን ጁን» (1970) ነው። ስያሜው ለከተማዋ ልጆች ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በዚሁ ስልት የሚመደበው የጎንግ ባንድ መሥራች ዴቪድ አለን አውስትራሊያዊ ነበር።