ከጋፋት እቶን እስከ ጭልጋ ከሰል

ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው በያዙባቸው ዓመታት፣ ከከተማይቱ አጠገብ በጋፋት የተቋቋመው የመድፍ መሥሪያ ከአገራችን የቴክኒክ ታሪክ ታላላቅ ምዕራፎች አንዱ ሆኖ ዘወትር ይወሳል። ዋልድማየርና ዛልሙለርን የመሳሰሉት የእጅ ሙያ የተማሩ ሚሲዮናውያን ከአገሩ ሠራተኞች ጋር እየደከሙ፣ ከብዙ ያልተሳካ ሙከራ በኋላ፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ቀልጦ እንዲፈስ አደረጉ። ንጉሠ ነገሥቱም በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ፣ መድፉን በየገደሉ መንገድ እያስጠረጉ በማስጎተት በመጋቢት ወር መቅደላ አደረሱት።

የዚህ ታሪክ ተራኪዎች ስለ መድፉ ብዙ ሲሉ ስለ ማገዶው ዝም ይላሉ። የአገራችን ብረት አቅላጭ ከጥንት ጀምሮ እቶኑን ያነድ የነበረው በእንጨት ከሰል ነው። የዚህ ጉዳት በዓይን የሚታይ ነው፤ ዛፉ ይቆረጣል፣ አፈሩ ይታጠባል፣ ጅረቱ ይደፈርሳል። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ እስከ ዛሬ ወደ ጣና የሚያወርዱትን ደለል የጋፋት ዕዳ ነው ማለት ግን ግፍ ይሆናል፤ የእርሻውና የግጦሹ ድርሻ እጅግ ይበልጣል።

የድንጋይ ከሰል ጠባይ ከዚህ የተለየ ነው። በጥንት ረግረግ የተፈጠረ ከሰል አብዛኛውን ጊዜ ፓይራይት የተባለውን የብረትና የሰልፈር ውሑድ ይይዛል። ይህ ማዕድን በምድር ሆድ ተከድኖ ሳለ ማንንም አይጎዳም። ቁፋሮው አየርና ውሃ ባገናኘው ጊዜ ግን፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች እያፋጠኑት፣ ወደ ሰልፈሪክ አሲድና ወደ ሟሟ ብረት ይለወጣል። አሲዱ ከድንጋዩ አሉሚኒየምን ያሟሟል፤ ይህም የዓሣውን ስንጥብ ይጎዳል። ብረቱ ደግሞ ወደ ታች ሲወርድ እንደ ዝገት ያለ ብጫ ዝቃጭ ሆኖ በጅረቱ ጠጠር ላይ ይጋገራል፤ ከጠጠሩ ሥር የሚኖሩትንም ነፍሳት ያፍናል። ከሁሉ የሚከፋው ውሃው አንዳንድ ጊዜ ጥርት ብሎ መታየቱ ነው፤ የደፈረሰውን የሚሸሽ ገበሬ ከዚህኛው ሳይጠራጠር ይቀዳል። ጉድጓዱ ከተዘጋ ከብዙ ዓመታት በኋላም አሲዱ መፍሰሱን ላይተው ይችላል።

ይህ አቤቱታ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1556 የታተመው የጀርመናዊው የአግሪኮላ መጽሐፍ የማዕድን ሥራ ነቃፊዎችን ቃል ሲዘረዝር፣ ማዕድን የታጠበበት ውሃ ጅረቱን መርዞ ዓሣውን ይፈጃል ማለታቸውን ጽፏል። አግሪኮላ ራሱ የማዕድን ሥራ ጠበቃ ነበር፤ ክሱን ሳይደብቅ መጻፉ ያስመሰግነዋል።

ከጎንደር በስተ ምዕራብ በጭልጋ ያለው ከሰል ከ27 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ በባዛልት ንጣፎች መካከል የተከማቸ ነው። የአገር ውስጥ ከሰል ከውጭ የሚገባውን እንዲተካ በሚደከምበት በዚህ ዘመን እንዲህ ያለው ክምችት ዓይን መሳቡ አይቀርም። ባዛልት አሲድን ያለዝባል፤ ሥራው ግን አዝጋሚ ነው። ፈጥኖ የሚያለዝበው የኖራ ድንጋይ ደግሞ በብዛት የሚገኘው ራቅ ብሎ በዓባይ ሸለቆ ነው። ስለዚህ የየንጣፉ ሰልፈር፣ የየምንጩም አሲድነት መለካት ያለበት የመጀመሪያው ዶማ ሳይነሣ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚደረግ ልኬት ውሃው ቀድሞ ምን እንደነበረ አይናገርምና። የጭልጋን ከሰል አቋርጦ የሚያልፈው ጓንግ ወደ ጣና አይወርድም፤ አትባራ ተብሎ ሱዳን ይገባል።