«ንጉሠ ቤልጂካውያን»

ጸሐፊዎቻችን «የቤልጂክ ንጉሥ» ማለት የሚቀናቸው ማዕርግ በአገሩ «ንጉሠ ቤልጂካውያን» የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1831 ሕገ መንግሥቱን የደነገጉት እንደራሴዎች ሥልጣን ሁሉ ከሕዝብ እንደሚመነጭ አምነው፣ ዘውዱ ለምድሩ ሳይሆን ለሰዎቹ እንዲሆን ስለ ፈለጉ ነው። ስለዚህም አልጋ ወራሹ፣ የቀደመው ንጉሥ ቢሞትም ቢለቅም፣ በተሰበሰቡት ሁለቱ ምክር ቤቶች ፊት እስኪምል ድረስ ንጉሥ አይባልም፤ ንጉሥ ፊሊፕም እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 2013 ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ያንኑ መሐላ በኔዘርላንድኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ሦስት ጊዜ ፈጸሙ።

ነገር ግን ሰዎቹን ያከበረው ይኸው ሕግ (ይህ እስከ ዛሬ ያስገርመኛል) ከሰዎቹ እኩሌታ ለሚበልጡት በልሳናቸው አልተናገረም ነበር፤ ጸንቶ የኖረው የፈረንሳይኛው ንባብ ብቻ ሲሆን፣ የኔዘርላንድኛው እኩል ሥልጣን ያገኘው ከ136 ዓመት በኋላ፣ በ1967፣ የጀርመንኛውም በ1991 ነው። መንግሥቱ ፌዴራላዊ መሆኑ በአንቀጽ አንድ የተጻፈው ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው።

የማተሚያ ቤት አራሚዎች ሆይ፣ ቃሉ ረዘመ ብላችሁ «ውያን»ን አትቍረጡብን።