ባለ ጭምብሉ ሰይፈኛ በላስታ ሚዛን

ጥቁር ካባ የደረበ፣ ፊቱን በጭምብል የጋረደ፣ ሰይፍ የታጠቀ ፈረሰኛ። ዞሮ ይህ ነው። በፊልም ከታየ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም አዲስ ተመልካች ያገኛል፣ ዛሬም ያከራክራል። ይህ ቅኝት የሚከታተለው አንድ ጥያቄ ነው፦ ተመልካች እንዲህ ያለውን ጀግና የሚመዝነው በምንድን ነው? መልሱን ከሆሊውድ ተነሥተን በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች በኩል አድርገን እስከ ሰሜን ወሎ ደጋ፣ እስከ ጊዳን ወረዳ ዋና ከተማ እስከ ሙጃና እስከ ላስታ ድረስ እንፈልገዋለን። በዚህ አገር ፈረሰኛና ሰይፈኛ ከአያት ቅድመ አያት አፍ የተሰማ ነው። የዚህ አገር ሰው ፊልም ሲያይ የራሱን ሚዛን ይዞ ይቀመጣል።

የዞሮ አነሣስ

ዞሮን የፈጠረው አሜሪካዊው ደራሲ ጆንስተን መከሊ ነው። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1919 በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት በተከታታይ ወጣ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1920፣ ዳግላስ ፌርባንክስ «የዞሮ ምልክት» በሚል ርእስ ድምፅ አልባ ፊልም አድርጎ ሠራው። ፌርባንክስ እስከዚያ ድረስ የሚታወቀው በዘመኑ ኑሮ ላይ በተመሠረቱ አስቂኝ ፊልሞች ነበር። ተመልካቹ ግን ግድግዳ ሲዘል፣ ከጣራ ጣራ ሲሻገር፣ እየሳቀ ሲዋጋ ባየው ጊዜ ከዚህ ሌላ አልፈልግም አለ። ፌርባንክስም ፊቱን ወደ ጀብዱ ፊልም አዞረ፤ «ሦስቱ ሙስኬተሮች» እና «ሮቢን ሁድ» ተከተሉ። የባትማን ፈጣሪ ቦብ ኬን ሳይቀር ከፌርባንክስ ዞሮ እንደቀዳ ተናግሯል።

ብዙ ተመልካች የዘርፉ ቁንጮ የሚለው ግን ሩበን ማሙልያን እ.ኤ.አ. በ1940 ያዘጋጀውን «የዞሮ ምልክት» ነው። ዶን ዲዬጎ ቬጋ ማድሪድ ከርሞ ወደ ካሊፎርኒያ ሲመለስ አባቱ ከሹመቱ ተነሥቶ፣ በቦታው በግብር ሕዝብ የሚያራቁት ሹም ተተክቶ ያገኛል። ዲዬጎ ቀን ቀን ለልብስና ለሽቶ ብቻ የሚጨነቅ ቅምጥል መስሎ ይውላል፤ ሌሊት ጭምብሉን አጥልቆ ለግብር የተነጠቀውን ገንዘብ ያስመልሳል። ዲዬጎን ታይሮን ፓወር፣ የሹሙን ቀኝ እጅ ካፒቴን ኢስቴባንን ባዚል ራትቦን ተጫውተውታል። ራትቦን ከካሜራ ውጭም የታወቀ ሰይፈኛ ነበር።

ተመልካቾች ደጋግመው የሚያነሡት ትዕይንት በሹሙ ቢሮ ውስጥ የሚደረገው ግጥሚያ ነው። ኢስቴባን ሊያስፈራራ የሻማ አናት በሰይፉ ይቀነጥሳል። ዲዬጎም በተራው ሻማ ይመታል፤ ሻማው ግን እንደበራ ባለበት ይቆማል፤ የሳተ ይመስላል። ኢስቴባን ይስቃል። ያን ጊዜ ዲዬጎ እጁን ሰድዶ የሻማውን የላይኛ ግማሽ ብድግ ያደርገዋል፤ ነበልባሉን ሳያጠፋ ለሁለት ከፍሎት ነበር። ፎካሪውና አዋቂው የተለዩት በዚህች ቅጽበት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ፍልሚያ ብዙዎች በፊልም ታሪክ ከተሠሩት ምርጦች ተርታ ያሰልፉታል።

ክርክሩ ግን አልቆመም። አንዱ በሰውነት ቅልጥፍና ፌርባንክስን የሚያህል የለም ይላል። ሌላው ፓወር ሁለቱን ሰው፣ ቅምጥሉንና ተዋጊውን፣ አሳምኖ መጫወቱን ያደንቃል። በቴሌቪዥን ያደጉት እ.ኤ.አ. በ1957 የጀመረውን የዲዝኒ ተከታታይ ከጋይ ዊልያምስ ጋር ያስታውሳሉ። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን የአላን ዴሎንን ዞሮ ይመርጣሉ። ወጣቶቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 አንቶኒዮ ባንዴራስና አንቶኒ ሆፕኪንስ የሠሩትን፣ ያረጀው ዞሮ ለደቀ መዝሙሩ ጭምብሉን የሚያወርስበትን ፊልም ይወድዳሉ። ከሁሉም ጠንካራ የሚመስለኝ ትችት ሌላ ነው፦ ጀግናው ራሱ የባላባት ልጅ ነው፤ በግብር የተራቆተው ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ ጀግና የሚጠብቅ፣ ሲመጣለት የሚያመሰግን አጃቢ ነው። ባላገር ተመልካች ይህን ሳያስተውል አያልፍም።

ከሰይጣን ቤት እስከ ቪዲዮ ቤት

ተንቀሳቃሽ ሥዕል ኢትዮጵያ የደረሰው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። የአዲስ አበባ ሕዝብ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» አለው። በጨለማ ክፍል ግድግዳ ላይ ሰው ሲራመድ ማየት ለዘመኑ ሰው ከበጎ መንፈስ የመጣ አልመሰለውም። ጣሊያን በወረራው ዘመን በከተሞች ሲኒማ ቤቶችን ሠራ፤ ዓላማውም የራሱን ኃይል ማሳየት ነበር። ከነጻነት በኋላ ግን ሕንጻዎቹ ለሌላ ዋሉ። በጣሊያን ተጀምሮ የነበረው ሲኒማ ማርኮኒ ተጠናቆ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሆነ። ፒያሳ ላይ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር የከተማውን ወጣት ሰበሰቡ። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተሰኘው የአማርኛ ፊልም ታየ። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ የተሠራው «ጉማ» ደግሞ ደም መመለስንና እርቅን ይዞ ወጣ። ኢትዮጵያዊ ፊልም ሠሪ ገና ከጅምሩ ወደ በቀልና ፍርድ ጥያቄ መሄዱ በአጋጣሚ አይደለም።

ለአነስተኛ ከተሞች ፊልምን ያደረሰው ግን ሲኒማ ቤት ሳይሆን ቪዲዮ ቤት ነው። በደርግ ዘመን ማብቂያና ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የቪዲዮ ካሴት፣ አንድ ቴሌቪዥንና መብራት በሌለበት ጄኔሬተር ተገኝቶ በጭቃ ቤት ውስጥ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ። በር ላይ የዕለቱ ፊልም ስም በጠመኔ ተጻፈ። የካራቴ፣ የሕንድና የአሜሪካ የጀብዱ ፊልም ገባ። አብዛኛው ተመልካች የፊልሙን ቋንቋ አያውቅም፤ ግን ማን አክተር፣ ማን ጠላት እንደሆነ ለመለየት አይቸገርም። ቀድሞ ያየ ልጅ አጠገቡ ላለው ያስረዳል፤ አክተሩ ሲመታ ቤቱ ያጉረመርማል፤ ሲነሣ ያጨበጭባል። «አክተሩ አይሞትም» የሚለው እምነት የአንድ ትውልድ የፊልም ሕግ ነበር። የሰይፍ ፊልም ለዚህ ቤት የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል፤ ፌርባንክስ ያለ ድምፅ የሠራውን ሥራ እዚህ ያለ ትርጉም መረዳት ይቻላል። ዛሬ ካሴቱ በስልክ ተተክቷል፤ ቃና ቴሌቪዥን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ድራማን በአማርኛ ድምፅ አስገብቷል። ወጣቱ ፊልም ለማየት ከቤቱ መውጣት አይጠበቅበትም። ሚዛኑ ግን ከአያቶቹ የመጣ ነው።

ስምን መጥራት

ወደ ላስታ እንውጣ። ሙጃ ብርዳማ ደጋ ነው፤ ገብስና በግ የሚታወቅበት አገር። ጠዋት ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይወጣል፤ የደጋው ሰው የሚደርበው ጥቁር የሱፍ በርኖስም ከዞሮ ካባ እምብዛም አይለይም። አለባበሱ ለዚህ ሰው እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሚሆንበት ጀግናው ስሙን መደበቁ ነው።

በደጋው ባህል ጀግና ሲገጥም ስሙን ይጠራል። በፉከራው ዘሩን ይቆጥራል፤ የጣለውን ይዘረዝራል፤ የፈረሱን ስም ያነሣል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ፣ የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር ተባሉ። የፈረስ ስም እንደ ዞሮ ሁለተኛ ስም ነው፤ ኮርቻ ላይ የሚወጣው ሰው ሌላ ሰው መሆኑን ያውጃል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ዞሮ ሁለተኛውን ስም የያዘው የመጀመሪያውን ለመሸሸግ ሲሆን፣ አባ ታጠቅ ግን ካሳ ኃይሉ መሆኑን ወዳጅም ጠላትም ያውቃል። ካሳ በቋራ በረሃ ሸፍቶ ሳለ የዘረፈውን ለገበሬ ያካፍል እንደነበር በትውፊት ይነገርለታል፤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሥ ግን ከጭምብል ጀርባ የወጣ ማንም አልነበረም።

ፊትን መግለጥ

ፊት መሸፈን በኢትዮጵያ ታሪክ አልታጣም፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ዐፄ ልብነ ድንግል ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው እንግዳ እንደሚቀበሉ፣ ሲታዩም አፋቸውን በሰማያዊ ሐር ይሸፍኑ እንደነበር ጽፏል። የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለአውሮፓ አንባቢ በዝርዝር የገለጸውም ይኸው ሰው ነው። ማለዳ በየደጁ እያንጎራጎሩ የሚለምኑት ላሊበሎችም ፀሐይ ሳይወጣ ነጠላቸውን ተከናንበው ይመጣሉ። እንግዲህ ፊቱን የሚሸፍን አንድም ንጉሥ ነው፣ አንድም ለማኝ። ተዋጊው በመካከላቸው ፊቱን ገልጦ ይቆማል።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ይህንኑ ያስተምራል። በነባሩ የአሣሣል ወግ ጻድቃን ሙሉ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረው፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖቻቸው ተገልጠው ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በጎን በኩል፣ በአንድ ዓይን። ይህን ሥዕል እያየ ያደገ ልጅ ጻድቁን ከኃጥኡ የሚለየው በፊት ነው። ባለ ጭምብል ጀግና ሲያይ መጀመሪያ የሚጠራጠረው ለዚህ ነው፤ ዞሮ የሚያሸንፈው ሁለት ዓይኖቹ ጭምብሉ ሳይጋርዳቸው ስለሚናገሩ ነው። ፈረሰኛ ጻድቅ ደግሞ ለላስታ ሰው የቅርብ ዘመድ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ሆኖ ወደ ንጉሥ ላሊበላ መጥቶ «ለእኔ ለምን አልሠራህልኝም?» ብሎ እንደጠየቀ፣ የፈረሱ ኮቴም በቤተ ጊዮርጊስ ዐለት ላይ እንደቀረ ይተረካል።

የእውነት ሰይፍ፣ የእውነት ሞት

በፊልም የሚታየው የበቀል መንገድ በላስታና በጎረቤቱ በዋግ በእውነት የተሄደ ነው። የዋጉን ገዢ ዋግሹም ገብረ መድኅንን ዐፄ ቴዎድሮስ አሰቀሏቸው። ልጃቸው ዋግሹም ጎበዜ ሸፈቱ፤ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። መጨረሻቸው ግን እንደ ፊልም አላማረም። እ.ኤ.አ. በ1871 ዓድዋ አጠገብ ከደጃዝማች ካሳ ምርጫ፣ ከኋለኛው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ጋር ሲገጥሙ ብዛት ያለውን ሠራዊታቸውን ከእንግሊዝ የተገኘ መሣሪያ የታጠቀ ጥቂት ጦር መታው፤ እርሳቸውም ተማረኩ። ሰይፍ በጠመንጃና በመድፍ መበለጡ የታየው እንዲህ ነው።

በጣሊያን ወረራ ጊዜም የዋግ ገዢ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1937 በዋግና ላስታ አምፀው ሲዋጉ ተገደሉ፤ ጠላት ጭንቅላታቸውን ቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ አሳየ። ጭምብል ቢኖራቸው ኖሮ ጠላት ማንን እንደገደለ ባላወቀ ነበር፤ እርሳቸው ግን በስማቸውና በፊታቸው ነበር የተዋጉት። በላይ ዘለቀ አምስት ዓመት ሙሉ ለጣሊያን ሳይበገሩ ቆይተው ከነጻነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀሉ። ዲዬጎ ግን ሹሙን ከጣለ በኋላ ሰይፉን ወደ ጣራ ወርውሮ ወደ ጋብቻው ይሄዳል። ምዕራባዊው ተመልካች ይህን የደስታ ፍጻሜ ይለዋል። የላስታ ተመልካች ግን በኢትዮጵያ ሰይፍን ሰቅሎ ወደ እርሻ መመለስ ስንት ጀግና ተመኝቶ እንዳላገኘው ያውቃል። ላሊበላና አካባቢዋ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጦርነት በራቸው ድረስ መጥቶባቸዋል። ሞትን ያየ ሰው፣ በፊልም ያለ ደም የሚወድቅ ወታደር ሲያይ የሚስቀው ሳቅ የተለየ ነው።

ፍርዱ

እንግዲህ ባለ ጭምብሉን ሰይፈኛ በላስታ ሚዛን ስንመዝነው አንድ ነገር ከፍ ብሎ ይገኛል፤ የግፍ ግብርን መቃወሙ። ሰሜን ወሎ፣ ጎጃም፣ ባሌ፣ የትኛውም የኢትዮጵያ ገበሬ ይህን ያለ ተርጓሚ ይረዳዋል። ዝቅ የሚለው ደግሞ ገበሬውን ራሱን አጃቢ ማድረጉ ነው። የማሙልያን ፊልም የሚደነቅ ሥራ ነው፤ ታላቅነቱም በሻማው ትዕይንት እንዳየነው በመቆጠብ የሚገለጥ ችሎታ ውስጥ ነው። ሙሉ ጀግና ግን ስሙን ጠርቶ የሚቆም፣ ሲያሸንፍም ሲሸነፍም የሚጠየቅ ሰው ነው።

ይህን ጀግና በቴአትርና በልብ ወለድ አግኝተነዋል፤ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» ለቴዎድሮስ በቂ ክብር ሰጥተዋል። የዋግና የላስታ ታሪክ ግን እስካሁን ካሜራ በሚገባው መጠን አልቀረበውም። ፊልም ሠሪዎቻችን ከካሊፎርኒያ ጭምብል ይልቅ ወደ ዋግሹም ጎበዜና ወደ ኃይሉ ከበደ ሕይወት ይመልከቱ። የሙጃ፣ የኩልመስክና የላሊበላ ወጣቶችም የአካባቢያችሁን ሽማግሌዎች ፉከራና የፈረስ ስም፣ የቪዲዮ ቤት ዘመን ትዝታም ጭምር ዛሬውኑ በስልካችሁ ቅረጹ። ያ ትውልድ ካለፈ በኋላ ሊቀረጽ አይችልም።