ምስጥ የማይደፍረው እንጨት

እስቴ፣ አጎቴ በረንዳ ላይ ቡና ስንጠጣ የተደገፍኩት ቋሚ ከዳኝ። ላዩ ደህና ነው፤ ውስጡን ግን ምስጥ ጨርሶታል።

«ባሕር ዛፍ ምን ይደረግ ልጄ! የአባቴ ቤት ቋሚ ወይራ ነበር» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የጥድም የወይራም ልብ ምስጥን ይቋቋማል። ዳር ዳሩ ነጩ ግን ይበላል። አዋቂ አናጢ ነጩን ጠርቦ ይጥላል፤ እግሩን በእሳት ይለበልባል፤ ጠንቃቃው ደግሞ ከአፈር ለይቶ ድንጋይ ላይ ያቆመዋል። የምስጥ መንገዱ መሬት ነዋ!

ምስክር ካስፈለገ ጋይንት አለች። በድጓ ትምህርቷ የታወቀችው ቤተልሔም፣ በክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በአክሱም ስልት ከድንጋይና ከእንጨት የተሠራ የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ ሸሽጋ ኖራለች። ደራሲው ቶማስ ፓኬንሃም እ.ኤ.አ. በ1955 አይቶ ለውጭው ዓለም አስተዋወቃት። ክቡ ቤት ለአሮጌው ጃንጥላ ሆኖታል፤ ዝናብ ያልነካው እንጨት ዕድሜው ረጅም ነው።

ታዲያ ጥዱ የት ገባ? አረስነው፣ አነደድነው፣ ቤት ሠራንበት። የቀረው በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣው ባሕር ዛፍ እዚህም ደረሰልን፤ አልወቅሰውም። በጥቂት ዓመት ቋሚ ይሆናል፤ ጥድ ግን የሰው ዕድሜ ይጠይቃል።

አጎቴ የተበላውን ቋሚ በሌላ ባሕር ዛፍ ተኩ። ከጓሮ ግን ሁለት የወይራ ችግኝ አሳዩኝ።

«ለማን ነው?» አልኳቸው።

«ለበረንዳው» አሉ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል።