ሁለት መስታወት፦ አንዱ ለፀሐይ፣ አንዱ ለፊት

ገንዘብ ሲቆጥር የሚውል የባንክ ሠራተኛ በመሆኔ ይሁን፣ የቃላትን የትውልድ ሐረግ መቁጠር ስለምወድ እንጃ፤ ‹ሲልዌት› የሚለው የሥዕልና የፎቶግራፍ ቃል ከመንግሥት ግምጃ ቤት መውጣቱ ሁልጊዜም ይደንቀኛል። ኤትየን ደ ሲልዌት (1709–1767) የፈረንሳይን ንጉሥ ካዝና እንዲጠብቅ የተሾመው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1759፣ የሰባት ዓመቱ ጦርነት ካዝናውን ባራቆተበት ወቅት ነበር። ባለጠጎችንና የቅንጦት ዕቃዎችን ግብር ሊያስከፍል ተነሣ፤ የወርቅና የብር ዕቃም እየቀለጠ ገንዘብ ይሁን አለ። መኳንንቱ አልታገሡትም። በዚያው ዓመት ኅዳር ከሥልጣኑ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ርካሽና ጎዶሎ ነገር ሁሉ በስሙ ይጠራ ጀመር፤ ኪስ የሌለው ሱሪ ሳይቀር። የቀለም ሥዕል ማሠራት የማይችል ሰው ከጥቁር ወረቀት የሚያስቀርጸው የፊት ቅርጽም ስሙን ወረሰ። የሰውዬው ሥራ ተረስቶ ስሙ በድኻው ሥዕል ላይ ቀረ።

ነገሩ ግን ከስሙ እጅግ ይቀድማል። ሮማዊው ፕሊኒ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፈው ‹የተፈጥሮ ታሪክ› ውስጥ፣ በቆሮንቶስ ይኖር ስለነበረ ቡታዴስ ስለተባለ ሸክላ ሠሪ ልጅ ይተርካል። ወዳጇ ወደ ሩቅ አገር ሊሄድባት ነው። ኩራዝ በግድግዳው ላይ የጣለውን የፊቱን ጥላ ተከትላ መስመር አሰመረች፤ አባቷም መስመሩን በጭቃ ሞልቶ በእሳት ተኮሰው። ተረት ይሁን እውነት፣ ልብ በሉ፤ ጥላው የተሳለው በመለያየት ዋዜማ ነው።

ፎቶግራፍም ገና ሲፀነስ ያየው ሕልም ጥላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1802 ቶማስ ዌጅውድና ሀምፍሪ ዴቪ፣ በብር ጨው በተነከረ ወረቀት ላይ የሰውን የገጽታ ቅርጽ በብርሃን ስለ መቅዳት አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። ጥላ ያረፈበት ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ዙሪያው ይጠቁራል። ምስሉን የሚያጸና ዘዴ ግን አላገኙም። ቀን ቢያዩት ጠቁሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ በጨለማ ደብቀው በሻማ ብርሃን ብቻ ይሰርቁት ነበር።

ባሕርንና ፀሐይን ፊት ለፊት የገጠመው ግን ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ (1820–1884) ነው። በዘመኑ የነበረው የኮሎዲዮን መስታወት ለሰማያዊ ብርሃን ከልክ በላይ ይሳሳ ነበር። ለምድሩ ሲመጥኑት ሰማዩ ባዶ ነጭ ይሆናል፤ ለሰማዩ ሲመጥኑት ምድሩ ይጨልማል። ለ ግሬ እ.ኤ.አ. በ1856 ‹ብሪግ በውኃ ላይ› ለተባለው ሥራው ሰማዩን መረጠ፤ መርከቧና ባሕሩ ጠቆሩ፣ ደመናውና በውኃው ላይ የሚነጥፈው ብርሃን ግን ዳኑ። ከጨለማው የተነሣ በጨረቃ የተነሣ መስሏቸው የተደነቁ ብዙዎች ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት በሴት ከተማ ባነሣው ‹ታላቁ ማዕበል› ሌላ መላ ዘየደ፦ አንዱን መስታወት ለባሕሩ፣ ሌላውን ለሰማዩ ሰጥቶ፣ ሁለቱን በአድማሱ መስመር ላይ ሰፋቸው። ያም ሆኖ በ1860 ድርጅቱ ከስሮ፣ ቤተሰቡን ትቶ ከፓሪስ ወጣ፤ በካይሮ ሥዕል እያስተማረ ኖሮ በዚያው ሞተ። ‹ታላቁ ማዕበል› በ1999 ለንደን ላይ ከ500 ሺህ ፓውንድ በላይ ሲሸጥ፣ እስከዚያ ቀን በጨረታ ለአንድ ፎቶግራፍ ከተከፈለው ዋጋ ሁሉ በለጠ።

ይህ የብርሃን ሒሳብ ዛሬም አልተለወጠም። ፀሐይን ከጀርባው ያደረገን ሰው ስናነሣ፣ ካሜራው ለሰማዩና ለፊቱ እኩል የሚከፍለው የለውም። ጥላ ምስል የሚሻ ሰው ለሰማዩ ይመጥንና ፊቱን በፈቃዱ ይተዋል። እንግዲህ የሚናገረው የዳር መስመሩ ብቻ ነውና፣ ያንን ማጥራት ግድ ነው። ራስ ፀሐይዋን ይጋርድ። አንሺው ዝቅ ይበል፤ ያን ጊዜ አድማሱ የቆመውን ሰው አንገት አይቆርጥም። ክንድ ከጎን ይለይ፤ ፊት ወደ ጎን ይዙር። ሁለት ሰዎች ከተደራረቡ አንድ ጉብታ ይሆናሉና በመካከላቸው ብርሃን ይለፍ።

በአክስቴ ቤት ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ አንድ ምስል አለ። ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በምጽዋ ወደብ ይሠሩ ነበር። ምጽዋ ፊቷን ለምሥራቅ የሰጠች ናትና በዚያ ፀሐይ የምትወጣው ከባሕር ነው፤ ፎቶግራፉም የማለዳ ነው። ጥቁር ሰው፣ ወርቅ ውኃ። በየካቲት 1990 ከተማዋ በውጊያ ከእጅ ወደ እጅ ስትዛወር የእርሳቸው ወሬ ጠፋ፤ ሌላ ፎቶግራፍም አልተረፈም። እንግዳ በገባ ቁጥር «ምነው፣ ፊቱ ተቃጥሏል እኮ!» ይላል። አክስቴ ግን «ግራ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ የሚቆም ከእሱ በቀር ማን አለ?» ይላሉ። ለእርሳቸው ምስሉ ሙሉ ነው፤ ዓይኑም፣ ሳቁም፣ ድምፁም በዚያ ጥቁር ውስጥ አለ።

ልጃቸው ግን አባቷ ሲጠፉ ገና ዳዴ ትል ነበር። አንድ ቀን ከምስሉ ፊት ቆማ «ዓይኖቹ የማን ዓይነት ነበሩ?» ብላ ጠየቀችኝ። በኮምፒዩተር ቢያነጡት ይወጣ እንደሆነም ተስፋ አድርጋ ነበር። ብርሃን ያልደረሰበት ፊልም ግን የሸሸገው ፊት የለውም፤ ያልተቀመጠ ገንዘብ ወጪ አይደረግም። ጥላ ምስል ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ ነው፤ ለማያውቅ ቅርጽ ብቻ ነው። የቡታዴስ ልጅ መስመሩን ያሰመረችው ፊቱን በልቧ ይዛ ነበር። ልጅ ወልዳ ቢሆን፣ ልጁ ከዚያ ጭቃ ምን ያነብ ነበር?

የዛሬው የእጅ ስልክ በቅጽበት ብዙ ጊዜ አንሥቶ ብሩሁንና ጨለማውን ይሰፋል፤ የለ ግሬን ሁለት መስታወት በኪሳችን ይዘን እንዞራለን ማለት ነው። ጨለማው ትናንት ግዴታ ነበር፤ ዛሬ ምርጫ ሆኗል። ውበቱን አልክድም፤ ጥቂት ስንኝ የሚሞክር ሰው የተተወ ነገር ምን ያህል እንደሚናገር ያውቃል። ስለዚህ በባሕር ዳር የምትወዱትን ሰው ፀሐይን አስደግፋችሁ አንሡት። ከዚያ ግን ቦታ ተለዋወጡ፤ ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ትረፍ፣ እናንተም አንድ ጊዜ ደግማችሁ አንሡ። የመጀመሪያው ለእናንተ ነው፤ ሁለተኛው እርሱን ለማያውቁት፣ ገና ለሚመጡት።