የጋራዥ ላቲን

አፍንጮ በር የሚኖር ሰው ቋንቋ የሚማርበት ሁለት አቅጣጫ አለው። ቁልቁል ወርዶ የራስ መኮንንን ድልድይ ሲሻገር ፒያሳ ይገባል፤ ሽቅብ ሲወጣ ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ይደርሳል። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ዲግሪዬን ያገኘሁት ከላይ ነው። ተማሪዎቼን ከባድ የእንግሊዝኛ ቃል ያስያዝኩበት ዘዴ ግን የመጣው ከታች፣ አጎቴ መካኒክ ከነበረበት ጋራዥ ነው።

ጋሼ እንግሊዝኛ አያውቅም ነበር። ጣሊያንኛ እችላለሁም ብሎ አያውቅም። ሆኖም ቀኑን ሙሉ «ካቻቢቴ አቀብለኝ»፣ «ፍሪሲዮኑ አልቋል»፣ «ካንዴላውን ጥረገው» ሲል ይውላል። ከማን ተማርክ ሲባል ከአለቃዬ ይላል፤ አለቃውም ከጣሊያን።

ቃላቱ ወደ አገር የገቡት በሰላም አልነበረም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ወረራ ምን እንዳደረገ ለማወቅ ከሰፈራችን ርቆ መሄድ አያስፈልግም፤ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ ቆሟል። ያው ወረራ የጭነት መኪናና የጥገና ሥራም ይዞ መጣ። ጦሩ ተሸንፎ ሲወጣ አንዳንድ ጣሊያኖች እዚሁ ቀሩ፤ ረዳት ሆነው የገቡ ልጆችም ሙያውን ከነስሙ ወረሱ። አራዳ ፒያሳ የተባለው ያኔ ነው። የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ መርካቶ ሆነ። ካሳንቺስም ስሙን ያገኘው ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ነው።

ከዚያ በፊት ፋሽኑ ፈረንሳይኛ ነበር። ለገሃር፣ ሸሚዝ፣ ሹፌር፣ ቴምብር፣ ኤታማዦር የዚያ ዘመን ትሩፋቶች ናቸው። እንግሊዝኛ የትምህርት ቋንቋ ሆኖ የተተከለው ከድሉ በኋላ ነው። እኔ ተማሪ ስሆን እንግሊዝኛው ለብቻው በጥቁር ሰሌዳ ይመጣል፤ መምህሩ የቃላት ዝርዝር ይጽፋሉ፣ እኛ እንሸመድዳለን፣ ፈተናው ሲያልፍ ቃላቱም አብረው ያልፋሉ። በጋሼ ጋራዥና በሰሌዳው መካከል ዝምድና እንዳለ የነገረን አልነበረም።

ዝምድናው የተገለጠልኝ ራሴ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ፣ «ሪፍሬይን» የሚለውን ቃል ሳስተምር ነው። ራስን መግታት፣ መታቀብ ማለት ነው። ሥሩን በመዝገበ ቃላት ሳይ «ፍሬኑም» የሚል የላቲን ቃል አገኘሁ፤ ትርጉሙ ልጓም። የመኪናው ፍሬን! በማግስቱ ክፍል ገብቼ «ፍሬን መያዝ ማለት ነው» ስላቸው ያ ቃል ዳግመኛ አልጠፋቸውም። ሐኪሞች ከምላስ ሥር ያለችውን ቀጭን ማሰሪያ «ፍሬኑለም» ይሏታል፤ ትንሿ ልጓም ማለታቸው ነው። እሷንም ያለ ጥናት ያዟት።

ከዚያ ወዲህ ወደ ጋራዡ የምሄደው ደብተር ይዤ ሆነ። ጋሼ ባሌስትራ የሚለው የመኪና ሞላ በጣሊያንኛ ቀስት መወርወሪያም ነው፤ እንደ ደጋን ይለጠጣልና። የጥንቱ የጦር መሣሪያ በእንግሊዝኛ «አርባለስት» ይባላል፤ የሚሳኤል ነገር ሲነሳ የምንሰማው «ባሊስቲክ»ም ከዚያው ቤት ነው፤ የሁሉም አያት መወርወር የሚል የግሪክ ግሥ ናት። ታርጋ መጀመሪያ ጋሻ ነበረ፤ የእንግሊዝኛው «ታርጌት» ትንሽ ጋሻ ማለት ሆኖ ኖሮ ነው ኋላ ዒላማ የሆነው። ካንዴላ ነጭ ሆኖ ከማብራት የመጣ ነው። በሮም ሥልጣን የሚፈልግ ሰው ቶጋውን አንጥቶ ሕዝብ ፊት ይወጣ ስለነበር «ካንዲዴት» ተባለ፤ ዕጩ ማለት በነጭ የለበሰ ማለት ነበር።

ተማሪዎቼን ከሁሉ ያስደነቃቸው ኮፈን ነው። ግሪኩ «ኮፊኖስ» ቅርጫት ነው። ጌታ አምስቱን እንጀራ ባርኮ ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ የተነሳው የአሥራ ሁለት ቅርጫት ፍርፋሪ በግሪኩ ወንጌል የተለካው በዚህ ቃል ነው። በጣሊያን በኩል የሞተር መክደኛ ሆኖ እኛ ዘንድ ደረሰ፤ በፈረንሳይ በኩል እንግሊዝ ሲገባ «ኮፊን»፣ የሬሳ ሣጥን ሆነ። ካልሲም ከጫማና ከተረከዝ የመጣ ቃል ነው። «ሪካልሲትራንት» የሚባለው እልኸኛ ሰው ተረከዙን እየወረወረ እንደሚራገጥ በቅሎ ታስቦ ነው ስሙን ያገኘው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሽቅብ በስድስት ኪሎ በኩል ያለው መንገድ ሥራ ፈት አልነበረም። ሥር ፍለጋ በእኛ ሊቃውንት ዘንድ የቆየ ሙያ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረከቡ፤ እሳቸው ሲያርፉ ደስታ ተክለ ወልድ ተቀብለው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ የራሳቸውን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት አወጡ። ሦስት ትውልድ አንድ ሥራ ላይ ተቀባበለ። በአብዮቱ ዘመን አዳዲስ የፖለቲካ ቃላት ሲያስፈልጉም ግእዙ ስንቅ ሆነ። «ኢዲዮሎጂ» ውስጥ ያለው «ኢዲያ» ከማየት የመጣ የግሪክ ቃል ነው፤ ርዕዮተ ዓለም ውስጥ ያለው ርእየም ማየት ነው። «ፕሮሌታሪያት» ላይ ሲደረስ መንገዱ ተለየ። ሮማውያን ከልጆቹ በቀር ለመንግሥት የሚሰጠው የሌለውን ድሃ በልጆቹ ጠሩት፤ እኛ በወዙ ጠርተን ወዛደር አልነው።

አንድ ነገር ግን ደጋግሜ አስጠነቅቃለሁ፦ መልክ የተመሳሰለ ሁሉ ዘመድ አይደለም። በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት «ኒገስ» ብላችሁ ብትፈልጉ ሁለት ታገኛላችሁ። አንደኛው የእኛው ንጉሥ ነው። ሁለተኛው ወይን፣ ሙቅ ውኃና ስኳር የሚቀላቀልበት መጠጥ ሲሆን የተሰየመው ኮሎኔል ፍራንሲስ ኒገስ በተባለ እንግሊዛዊ ነው። በተቃራኒው ሲታዩ የማይመሳሰሉ ወንድማማች ሆነው ይገኛሉ። ከጥርኝ የሚወጣው ዝባድና ጥርኝ በእንግሊዝኛ የምትጠራበት «ሲቬት» የአንድ ዐረብኛ ቃል ልጆች ናቸው። ዐይንን ማመን አይበቃም፤ መዝገብ መግለጥ ያስፈልጋል።

ተማሪዎቼ እንግሊዝኛ የሚከብደን ባዕድ ስለሆነ ነው ይሉኛል። እነዚህ ከባድ የሚባሉት ቃላት እኮ ለእንግሊዙም ልጅ ባዕድ ናቸው። እሱ መኪና የሚያቆምበትን ነገር «ብሬክ» ነው የሚለው፤ ወደ «ሪፍሬይን» የሚያደርሰው ፍሬን ቤቱ ውስጥ የለም። የአዲስ አበባ ልጅ በዚህ በኩል ይቀድመዋል፤ የቀደመው ግን ማንም ምሁር ባላየው በመካኒክ አፍ ነው።

አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ወደ አገራችን እንዲገባ የተፈቀደው አውቶሞቢል የኤሌክትሪኩ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ካንዴላ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም። ዕቃው ሲቀር ቃሉም ከጥገናው ጋር ይቀራል። የግእዙን ሦስት ሊቃውንት ተቀባብለው መዘገቡት፤ የጋራዡን ግን ደብተር ይዞ የሚቀመጥ አንድ ወጣት ቢገኝ ይበቃል። አንጋፋዎቹ መካኒኮች ገና በሥራ ላይ ሳሉ ቢጀመር ይሻላል።